መላጣው አውራ ዶሮና የዓይን ጠብታው

ጡረታ የወጣ ሰው ሁለት ነገር ይተርፈዋል፤ ጊዜና አስተያየት። ጊዜዬን የሚወስድልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። አስተያየቴን ግን መካነ ሰላም ውስጥ ያልሰማ ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ጂኦግራፊ ደግሞ ክፉ ትምህርት ነው፤ ስለ ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ስለሚያነሳ፣ ያስተማረው ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። ስለ ዝናብ ተጠይቄ አላውቅም ብዬ አላውቅም። ስለ ዶሮ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ ነው አዋቂ የሆንኩት፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

ወደ ጣጣው ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። መላጣ ነኝ። ነገሩ የጀመረኝ ገና ሠላሳ ሳይሞላኝ ነው። አንዱ መላጣ ከግንባሬ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሌላው ከማጅራቴ በላይ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ፣ መሐል አናቴ ላይ ተገናኝተው ጨረሱኝ። ከዚያ ወዲህ ኮፍያ ከራሴ ወርዶ አያውቅም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «የመካነ ሰላም ብርድ ነው» እላለሁ። ብርዱም እውነት ነው፤ እኔም ያን ያህል አልዋሸሁም። ሰፈርተኛው ጨዋ ስለሆነ ሁሉም እያወቀ ማንም አያነሳውም።

እትዬ ዘሀራ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ሰዓዳ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ሰዓዳ ለሁለት ዓመት ብላ አረብ አገር ሄደች። አሠሪዎቿ ዛሬ ነገ፣ ወረቀትሽ አላለቀም፣ የምትተካሽ አልመጣችም እያሉ ሁለቱን ዓመት ስድስት አደረጉት። አምስተኛው ላይ እትዬ ዘሀራ ትዕግሥታቸው አለቀና የመስጊዳችን ሼህ ይመር ባሉበት ስለት ተሳሉ። ልጃቸው በሰላም ደጃቸውን ከረገጠች፣ ከግቢያቸው ዶሮ ሁሉ መልከ መልካሙን አርደው ሰደቃ ሊያበሉ። እባካችሁ ቃሉን ልብ በሉልኝ። መልከ መልካሙን ነው ያሉት። ትልቁን አላሉም፣ የሰባውን አላሉም፣ በስም ጠርተው እንትናን አላሉም።

ያን ጊዜ ማንም ስለ ቃሉ አልተጨነቀም፤ መልከ መልካሙ የታወቀ ነበርና። ሜዳ ውለው የሚገቡ ዘጠኝ ዶሮዎች ነበሯቸው። አውራው ገብስማ ነው። ነጩና ጥቁሩ በላባው ላይ እኩል ተበትኖ፣ ከሩቅ ሲያዩት አንድ እፍኝ ገብስ የደፉበት ይመስላል። ጅራቱ ረጅም፣ አረማመዱ የወረዳ አስተዳዳሪ ነው። ሴቶቹ ቀይም ጥቁርም አሉባቸው፤ ሁለቱ ጉትያም ናቸው፣ አናታቸው ላይ ላባ እንደ ሻሽ ቆሟል። እና ዘጠነኛው አለ። ዘጠነኛው መላጣው ነው።

መላጣ ዶሮ አይቶ ለማያውቅ ልንገር። በሽታ አይደለም፣ ዘሩ ነው። ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው አንድ ላባ የለውም። አንገቱ ቀይ፣ የተጨማደደ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚብስበት ነው። ከደረቱ በላይ ትንሽ ላባ ብቅ ትላለች፤ እሷ ደግሞ ባትኖር ይሻል ነበር። ገበያ ቢወጣ ሰው አንሥቶ አያየውም። የሰፈሩ አውራ ዶሮዎች ለሱብሒ ሶላት ሰው ሲቀሰቅሱ እሱ ተኝቶ፣ ረፋድ ላይ ሁሉም ሥራው ከሄደ በኋላ በተሰነጠቀ ድምፅ ይጮሃል።

ሰዓዳ የምትወደው እሱን ነው። ሳትሄድ በፊት ከጫጩትነቷ ያሳደገቻት አንዲት መላጣ ዶሮ ነበረቻት፤ ይሄ የልጅ ልጇ ነው። አረብ አገር ሆና በደወለች ቁጥር እናቷ ስልኩን ወደ አጥሩ ይዘው ይቆማሉ፣ እሱም ከጮኸ ትሰማዋለች። መጀመሪያ አካባቢ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ «መላጣውስ እንዴት ነው?» ሲል ሰማሁ። የተማሪዬ ነገር አንጀቴን በላኝና ብድግ ብዬ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ» አልኩ። እትዬ ዘሀራ ስልኩን ከእኔ አርቀው ወደ ዶሮው አዞሩት።

እንግዲህ በግንቦት መጨረሻ ሰዓዳ ትኬቷ ተቆርጦ ልትመጣ ነው ተባለ። እትዬ ዘሀራ ሊቀበሏት አዲስ አበባ ወረዱ። ወረቀቷ ሊጓተት ስለሚችል ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት ይቆያሉ። ዶሮዎቹን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። ሲሰናበቱኝ ያሉኝ አጭር ነው።

«መምህር፣ ገብስማው የአላህ ነው። ሌላውም አደራዎ ነው።»

አደራ መቀበል ለጡረተኛ ትልቅ ሹመት ነው። በማግሥቱ ደብተር ገዛሁ። ዶሮዎቹን በዓይነት ከፋፍዬ፣ ለእያንዳንዱ የአየር ንብረት ተስማሚነት የሚል ሠንጠረዥ አወጣሁ። ሠንጠረዡ ላይ መላጣው የመጨረሻ ሆነ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አገሩ ደጋ ነው፣ ዝናቡ እየገባ ነው፣ ይሄ ፍጡር ደግሞ ግማሽ ልብሱን ሳይለብስ ወጥቷል። ስለ አናት ብርድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቡናማ ካልሲ ነበረኝ፣ ተረከዙ የተቀደደ። የካልሲውን አንገት ቆርጬ ለዶሮው አንገት አለበስኩት።

በእኔ ዓይን አማረበት። በሌሎቹ ስምንት ዓይን ግን አውሬ ሆነ። ሴቶቹ እየጮሁ ተበተኑ። አንደኛዋ ጉትያም፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእሱ ጋር አንድ ቆጥ ላይ የምታድረው፣ ዘላ ካልሲውን ነከሰችው። ገብስማው ደግሞ ጎረቤት አገር በወረራ የመጣበት መሰለውና ከግቢው አሳዶ አስወጣው። እኔ ካልሲውን ላወልቅለት ሦስት ቀን ተከተልኩት። ሦስት ቀን አልተያዘልኝም። ከዚያ ወዲህ እኔ አጥር ውስጥ የማገዶ ክምሬ ላይ ማደር ጀመረ፤ ካልሲውን እንዳጠለቀ።

በዚሁ ሰሞን አብዱ መጣ። አብዱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ እሱም ተማሪዬ ነበር። እዚህ አገር ባለሙያ ሁሉ ተማሪዬ ስለሆነ ማንንም ሙሉ በሙሉ አላምንም። የፈንግል ክትባት ለሰፈሩ እያደለ ነበር። ፈንግል የሚሉትን የዶሮ ዕልቂት የማያውቅ የለም፤ ዝናብ ሲገባ ይመጣል፣ ከገባ ግቢ ጠርጎ ይሄዳል። ክትባቱ በዓይን የሚንጠባጠብ ነው፤ ለአንድ ዶሮ አንድ ጠብታ። ቀን የእትዬ ዘሀራ ዶሮዎች በየሜዳው ስለሚበተኑ መያዝ አልተቻለም። አብዱ ሊጠብቃቸው ሲል አውቃለሁ ብዬ ከለከልኩት። ትንሿን ብልቃጥ ሰጠኝና ጠዋት በሩን ሳልከፍት ራሴ እንዳንጠባጥብላቸው ነገረኝ። ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ «ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

አሁን አንድ ሌላ ብልቃጥ ወደ ታሪኩ ይግባ። የእኔ ዓይን በበጋ አቧራ ያሳክከዋል። ከፋርማሲ የተሰጠኝ ጠብታ ነበር፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ አፉ ሹል። የአብዱም ብልቃጥ ትንሽ፣ ነጭ፣ አፉ ሹል ነው። ሁለቱንም መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ሁለቱም የዓይን ጠብታ ናቸውና ቦታቸው አንድ ነው ብዬ። ሠንጠረዥ የማውጣት ልማድ ያለው ሰው የሚሠራው ስህተት ነው።

ጠዋት የዶሮዎቹን ቤት ከፍቼ እየጎነበስኩ ስገባ፣ ካልሲውን የነከሰችው ጉትያም በክንፏ መነጽሬን ጣለችው። ያለ መነጽር እኔ ሰውና ግንድ የምለየው ከተነጋገርኩ በኋላ ነው። ቢሆንም ሥራ አላቋረጥኩም። አንድ አንድ እየያዝኩ፣ ቢስሚላህ እያልኩ፣ በየዓይናቸው አንዳንድ ጠብታ አደረግሁ። መላጣውንም ከማገዶው ላይ በእንቅልፉ ያዝኩት፤ ካልሲውን አወለቅሁለት፣ ድርሻውንም ሰጠሁት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ከሁለተኛው ብልቃጥ ለራሴ በያንዳንዱ ዓይን ሁለት ጠብታ አደረግሁ።

በማግሥቱ ዓይኔ ቀላ። በሦስተኛው ቀን አበጠ፣ ጠዋት ሲነጋ ሽፋኑ ተጣብቆ በውሃ ነበር የሚላቀቀው። ፋርማሲ ሄጄ አማረርኩ። ልጅቷ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ አለችኝ። እኔ ግን ጠብታው አነሰ እንጂ ሐኪም አያስፈልገኝም አልኩና ራሴ ወደ አራት አሳደግሁት። ደብተሬ ላይ ግን የጻፍኩት ስለ ዶሮዎቹ ነው፤ ከክትባቱ በኋላ ዓይናቸው እጅግ ጠርቷል፣ ብርሃን አለው፣ ማሳከክ አይታይም።

በሳምንቱ አብዱ ሊጠይቅ መጣ። አየኝና ምን ነካዎት አለ። ነገርኩት። ብልቃጡን አሳዩኝ አለ። ከመስኮቱ ደፍ አንሥቼ ሰጠሁት። አነበበው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አነበበው። ከዚያ ሌላኛውን አንሥቶ አነበበና በሩ ላይ ቁጭ አለ። የሚስቅ ሰው ጀርባ ከፊቱ ይልቅ ይናገራል። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ የዶሮውን ክትባት ሰው ዓይኑ ውስጥ ቢያደርገው ለጥቂት ቀን ያቀላዋል እንጂ አይጎዳውም፣ ጠብታውን ሲተው ይሻለዋል አለኝ። እኔስ አሁን ምን እሆናለሁ ብዬ ጠየቅሁት።

«እርስዎን ፈንግል አይይዝዎትም፣ መምህር። መጀመሪያም አይይዝዎትም ነበር፤ አሁን ግን ጨርሶ አይይዝዎትም።»

የተከፈተው ብልቃጥ ከእንግዲህ አያገለግልም፣ አዲስ የሚመጣውም በሚቀጥለው ዙር ነው አለ። ዶሮዎቹን ሰብስቤ እንዳስቀምጥና ከገበያ ዶሮ ጋር እንዳይገናኙ መከረኝ። ሰብስቤ አስቀመጥኳቸው። ግን ውለው የሚገቡ ዶሮዎችን ሰብስቦ ማስቀመጥ የክፍል ተማሪ በዕረፍት ሰዓት ዝም ማሰኘት ነው። በአጥሩ ሥር፣ በበሩ ላይ፣ አንዷም በጣራ ወጡ። ከአምስት ቀን በኋላ ፈንግል ገባ።

ይሄን ክፍል ፈጠን ብዬ ልለፈው። መጀመሪያ አንዷ ጥቁር ክንፏን ጥላ ቆመች። በማግሥቱ ሁለት ሆኑ። ገብስማው በሦስተኛው ቀን አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ፤ ያን አረማመዱን ረሳው፣ በክብ ዞረ፣ ወደቀ። አብዱ እንዳለኝ ጉድጓድ ቆፍሬ እየቀበርኩ ስምንት ቆጠርኩ። ሰዎች ስለ ዶሮ አያዝኑም ይባላል፤ እኔ አዝኛለሁ። ጉትያሟን ስቀብር ለመነጽሬ ይቅር ብያታለሁ።

መላጣውም ተይዞ ነበር። ሁለት ቀን ማገዶው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀይ አንገቱን ወደ ትከሻው አስገብቶ ተኮራመተ። ጉድጓዱን ቆፍሬ ጨርሼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ አገሩ ሁሉ ሥራው ከሄደ በኋላ፣ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ ጮኸ። አልቅሼም ከሆነ ያን ጊዜ ዓይኔ ገና ስለሚያመኝ አይቆጠርም።

አብዱ መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። አንዳንድ ዘር በሽታን በደሙ ይቋቋማል፣ ይሄኛው ጠላቱን የሚያውቅ ደም ሳይኖረው አይቀርም አለ። መላጣ ሁሉ ግን ይተርፋል ማለት እንዳልሆነ፣ ታች ሰፈር ሁለት መላጣ እንደሞተ፣ እዚያው ሰፈር ደግሞ አንዲት ጉትያም እንደተረፈች ነገረኝ። እኔ ሌላ አስተያየት ነበረኝ። በካልሲው የተነሣ ከመንጋው ተለይቶ ስለኖረ በሽታው ሳይጠናበት ቀረ አልኩት። አብዱ በትሕትና ካልሲውን ለሚቀጥለው ዙር ያስቀምጡልኝ አለ።

እትዬ ዘሀራ በየሁለት ቀኑ ይደውላሉ። የሰዓዳ ወረቀት ተጓትቶ ገና አልመጣችም፣ ዘመድ ቤት ሆነው እየጠበቁ ነው። «ዶሮዎቹስ?» ሲሉኝ «ሁሉም አርፈዋል» እላለሁ። ከእውነት የራቀ ቃል አልወጣኝም። ከዚያ አንድ ቀን ልጄ ገባችልኝ፣ ከአራት ቀን በኋላ እንመጣለን ብለው በደስታ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ስልኩን ዘግቼ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ማገዶው ዞር ስል፣ መላጣው ቆሞ አየኝ። ያን ጊዜ ነው ቃሉ ትዝ ያለኝ።

ከግቢያቸው ዶሮ ሁሉ መልከ መልካሙን።

ከግቢያቸው ዶሮ ሁሉ የቀረው አንድ ነው። አንድ ብቻውን የቀረ ደግሞ የግድ መልከ መልካሙ እሱ ነው። ከፈንግል የተረፈው፣ ሰዓዳ ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ስትሰማ የኖረችው ዶሮ፣ እሷ በሰላም በመግባቷ ሊታረድ ነው። ይሄን ያደረገው ደግሞ የእኔ መስኮት ደፍ ነው።

ወደ ሼህ ይመር ሮጥኩ። ልጆች ቁርኣን እያስቀሩ ነበር። ገዝቼ ብተካላቸውስ ብዬ ጠየቅኋቸው። አሰብ አድርገው፣ ሀላል አድርጌ ከሰጠኋቸውና ግቢያቸው ከገባ የግቢያቸው ዶሮ ነው አሉኝ። የመልኩን ነገር ግን እኔ አልፈርድም አሉ።

የመካነ ሰላም ገበያ በፈንግል ተመትቶ ባዶ ነበር። በማግሥቱ ወግዲ ወረድኩ። እዚያ በሽታው አልገባም ተብሏል። አንዲት ሴት ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡት ገብስማ ነበራቸው። እኔ ዶሮውን በፊት፣ በጎን፣ በኋላ ዞሬ አይቼ፣ መልኩ ያምራል ይላሉ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ሴትዮዋ ዶሮውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ሊያርዱት ነው ሊድሩት አሉኝ። የስለት ነገር መሆኑን ሳስረዳ ለቀቁልኝ።

ስመለስ መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያሉት ሰውዬ ደግ ወሰራ ነው አሉ። ገብስማ ነው አልኩ። ከፊት ያሉት ዞር ብለው ክንፉ ሥር ቀይ ስላለበት ወሰራ ነው አሉ። ከኋላ ያሉት ሴት ወሰራ ነጩና ቀዩ የተቀላቀለ ነው፣ ይሄ ጥቁር አለው፣ ገብስማ ነው ብለው ከእኔ ጋር ቆሙ። ክርክሩ እየሰፋ ሾፌሩ ዘንድ ደረሰ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ወርዶ፣ ዶሮውን በብርሃን አየና ገብስማ ነው ብሎ ፈረደ። በሕይወቴ እንዲህ በደስታ የዘገየሁበት መንገድ የለም።

አብዱ አዲሱን ዶሮ በሽታ ወደነበረበት ግቢ አያስገቡት ስላለኝ መኝታ ቤቴ አኖርኩት። ሦስት ቀን አብረን አደርን። ስለ እሱ ክፉ አልናገርም፤ ለሱብሒ በሰዓቱ ነበር የሚቀሰቅሰኝ፣ ሌላም ጊዜ።

በአራተኛው ቀን እናትና ልጅ ከደሴ በመጣ መኪና ደረሱ። ሰዓዳ ቀጥናለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፣ ሰው ሲስማት ዓይኗን ወደ መሬት ታደርጋለች። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ እያለ እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ብልቃጡን፣ መነጽሩን፣ አራቱን ጠብታ፣ ስምንቱን መቃብር፣ ከወግዲ የገዛሁላቸውን ገብስማ። እትዬ ዘሀራ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። የልጃቸውን እጅ እንደያዙ ሁለቱን ዶሮዎች እንዳመጣ ነገሩኝ። ገብስማውን በአንድ ክንድ፣ መላጣውን በሌላ ክንድ ይዤ ቀረብኩ። ሰዓዳ መላጣውን ስታይ እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

እናቷ አዩዋት። ፊታቸው ሲጨነቅ አየሁ።

«እኔ አላህን አላታልልም» አሉ ሼህ ይመርን እያዩ። «የሰው ዶሮ አርጄ የራሴን ባስቀምጥ፣ ልጄን የሰጠኝ ምን ይለኛል? ሁሉ ሲያልቅ የቆመው እሱ ነው። መልከ መልካሙ እሱ ቢሆንስ?»

ሼህ ይመር መልኩን የሚፈርድ ከዶሮዎቹ ጋር የኖረ ሰው ነው፣ እንደ አላህ ፈሪ ይመስክር አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሰዓዳም ቀና ብላ አየችኝ። ከመጣች ጀምሮ ሰው ፊት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

እኔ ያን መላጣ እወደዋለሁ። ካልሲዬን አልብሼዋለሁ፣ መቃብሩን ቆፍሬ ደፍኛለሁ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ቢሰለፍ በመልክ ማንንም አላስቀድምበትም። ዶሮዎቹን ለሰዓዳ ሰጠኋት። ኮፍያዬን አወለቅሁ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ፊት የመጀመሪያዬ ነው። ነፋሱ አናቴ ላይ ሲያልፍ ተሰማኝ።

«እትዬ ዘሀራ፣ በዚህ ሰፈር ስለ መላጣ ከእኔ የተሻለ የሚመሰክር የለም። ኖሬበታለሁ። መላጣ መልክ አይደለም። በፀሐይ ያበራል፣ በብርድ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከየትም በኩል ቢያዩት ያው ነው። መልከ መልካሙ ገብስማው ነው። ሀላል አድርጌ ሰጥቼዎታለሁ።»

ሰፈርተኛው አናቴን አየ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ እውነት ነው፣ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ዘግየት ቢሉ ምን ነበረበት። ሼህ ይመርም ምስክሩ በቂ ነው፣ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያስፈልግም አሉ። እትዬ ዘሀራ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ገብስማውን ከልጃቸው ክንድ ተቀበሉ። ሰዓዳ መላጣውን አልለቀቀችውም።

የሰደቃው ዕለት ወጡን ለእኔ ያቀረበችልኝ እሷ ናት። ጎንበስ ብላ ሳህኑን ስታስቀምጥ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፤

«ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ ውሸት የተናገረ በእርስዎ ዘመን አለንጋ ነበረው።»

«ያን ጊዜ ኮፍያ ነበረኝ» አልኳት።

ሳቀች። እናቷ ከጓዳ ሳቋን ሰምተው ወጡና በሩ ላይ ቆሙ፤ ማን እንደሳቀ ሳይጠይቁ ተመልሰው ገቡ።

ኮፍያው ከዚያ ወዲህ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ከመሰከርኩ በኋላ መልበሱ ትርጉም የለውም። ለመላጣው አንዲት ጉትያም ገዝተንለት ሰባት ጫጩት አስፈለፈሉ። የሚቀጥለው ዙር ክትባት ሲመጣ አብዱ ብልቃጡን ከእጁ አላወጣም። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እንድመለከት ተፈቅዶልኛል። አብዱ በዚያ ሰሞን የትኛው ዓይነት እንደሚተርፍ መጻፍ ስለጀመረ፣ ደብተሩን ገልጦ መላጣዎቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቀ።

እትዬ ዘሀራ በጣታቸው ቆጠሩ። ከጫጩቶቹ አራት፣ አባትየው አምስት አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ አጥሩ፣ ወደ እኔ አዩ።

«ስድስት በል» አሉት። «አንዱ ግን ቀድመው ተከትበዋል።»